በበሩ ላይ ያልተጻፈው ሕግ
በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ምእመናን ወላጆችና ወደ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆቻቸው የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬውን ርእስ ያስመረጠን ባለፈው የፍልሰታ ጾም አንዲት እናት ያካፈለችን ነገር ነው። ልጇ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሳምንት ሳይሞላት ሊጠይቋት ሄደው ሳለ፣ ከክርስትናዋ ዕለት ጀምሮ ከአንገቷ ያልተለየው ማዕተብ ተፈትቶ በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። «ማን አስፈታሽ?» ብላ ብትጠይቃት፣ «ማንም ፍቺው አላለኝም፤ ነገር ግን እዚህ አንገቷ ላይ ክር ያሰረች ሌላ ሴት የለችም» ስትል መለሰችላት። ልጅቱ በዚያ ሳምንት «ሶሮሪቲ» ወደሚባለው የሴት ተማሪዎች ማኅበር ለመግባት ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ራሷን ታስተዋውቅ ነበር። እናቲቱም እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «የከለከላት ሰው ከሌለ፣ ልጄ የፈራችው ማንን ነው?»

ይህ ጥያቄ በጥሞና ሊመለስ የሚገባው ነው። ለመመለስም በመጀመሪያ ማኅበራቱ ምን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደ መጡና በራቸውን ለማን ሲከፍቱ ለማንስ ሲዘጉ እንደ ኖሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶቹ ማኅበር ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። አብዛኞቹም በግሪክ ፊደላት ይሰየማሉ። በግሪክ ፊደል የመሰየሙ ልማድ የጀመረው በ1776 በቨርጂኒያ በዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ በተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ ነው። እርሱ ከጊዜ በኋላ የትምህርት ክብር ማኅበር ሆኗል። ለወዳጅነትና ለአብሮ መኖር የሚቋቋሙት ማኅበራት ግን ከ1825 ጀምሮ በኒው ዮርክ ግዛት ከሚገኘው ከዩኒየን ኮሌጅ ተነሥተው ወደ ሌሎች ኮሌጆች ተስፋፉ። ለአባሎቻቸው የሚሰጡት ጥቅም ቀላል አይደለም። መኖሪያ ቤት፣ የጋራ ማዕድ፣ የጥናት ጓደኛ፣ ከምረቃ በኋላም ሥራ የሚያስገኝ ትውውቅ ይሰጣሉ። ከሀገሪቱ ፕሬዚዳንቶችና የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባላት ብዙዎቹ የእነዚህ ማኅበራት አባላት እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚህ በር መግባት ወይም አለመግባት የልጅነት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የምልመላው ሥርዓት በተለይ በሴቶቹ ዘንድ የተደራጀ ነው። እጩዋ በተከታታይ ቀናት ብዙ ቤቶችን ትጎበኛለች፤ በየቤቱም ለጥቂት ደቂቃ ከአባላቱ ጋር ትነጋገራለች። ከዚያም አባላቱ በራቸውን ዘግተው ድምፅ ይሰጣሉ። በማግሥቱ ከፊሎቹ ቤቶች ደግመው ይጠሯታል፤ ከፊሎቹ አይጠሯትም። በመጨረሻው ቀን «ቢድ» የሚባለው የአባልነት ጥሪ ይደርሳታል ወይም ሳይደርሳት ይቀራል። ምክንያቱን የሚነግራት ሰው ግን የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ፣ ከጣሊያንና ከሌሎች ሀገሮች ደግሞ ካቶሊኮች በብዛት ወደ አሜሪካ ፈለሱ። ልጆቻቸውም ወደ ኮሌጅ መግባት ጀመሩ። በዚያን ዘመን ከማኅበራቱ ብዙዎቹ አባልነት ለነጮችና ለክርስቲያኖች ብቻ እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባቸው ጻፉ። ሌሎቹ ሳይጽፉ በልማድ ያንኑ ፈጸሙ። ለክርስቲያኖች ይህ ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። በሩን ለመዝጋት ያገለገለው ቁልፍ የክርስቶስ ስም ነበርና፣ ስናነበው ልናፍር ይገባናል።

የተገፉትም የየራሳቸውን ቤት ሠሩ። በ1898 ዜታ ቤታ ታው በኒው ዮርክ በአይሁድ ወጣቶች ተመሠረተ፤ በ1909 አልፋ ኤፕሲሎን ፋይ በባርናርድ ኮሌጅ በአይሁድ ሴቶች ተቋቋመ። በ1912 ቴታ ፋይ አልፋ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለካቶሊክ ሴቶች ቤት ሆነ። በቆዳ ቀለማቸው የተገፉት ደግሞ በ1906 በኮርኔል አልፋ ፋይ አልፋን፣ በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋን መሠረቱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጻፈው አንቀጽ መፋቅ ጀመረ። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ያደረሱትን ያየ ትውልድ ያንኑ የዘር ቃል በተማሪ ማኅበር ደንብ ውስጥ ማንበብ ከበደው። በ1948 በአምኸርስት ኮሌጅ የነበረው የፋይ ካፓ ሳይ ቅርንጫፍ አንድ ጥቁር ተማሪ ተቀብሎ በብሔራዊ ማኅበሩ ተባረረ፤ ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ ውሳኔውን አልለወጠም። በ1953 የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በዘርና በሃይማኖት የሚለዩ ማኅበራትን ከግቢው ከለከለ። በ1954 ፋይ ዴልታ ቴታ አባላቱ ነጭና ሙሉ አርያን እንዲሆኑ የሚያዝዘውን አንቀጽ ሰረዘ፤ በምትኩ ግን አባል የሚሆነው ሰው «በማኅበራዊ ኑሮ ተቀባይነት ያለው» ይሁን የሚል ቃል አስገባ።

ወገኖቻችን፣ እናቲቱ ለጠየቀችን ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። «ተቀባይነት ያለው» የሚለውን የሚተረጉመው ማን ነው? በዝግ ቤት ድምፅ የሚሰጠው ሰው ነው። በብዙ የወንዶች ማኅበራት አንድ የተቃውሞ ድምፅ ብቻ እጩውን ለመጣል ይበቃ ነበር። የተጻፈ ሕግ ሊከሰስና ሊሻር ይችላል። ያልተጻፈው ሕግ ግን ከሳሽም ምስክርም አያገኝም። ይህ በጥንት ብቻ የቀረ አይደለም። በ2013 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር እጩዎች ውጤታቸውና ጠባያቸው ሳይነቀፍ ከሶሮሪቲዎች እንዲቀሩ መደረጉን የተማሪዎቹ ጋዜጣ አጋለጠ። የቀድሞ አባላት በውሳኔው እጃቸውን ማስገባታቸውን የተናገሩት ራሳቸው ተማሪዎቹ አባላት ናቸው። ዩኒቨርሲቲውም ምልመላው እንደገና እንዲከፈት አዘዘ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ አንቀጽ በደንብ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ አልነበረም።

በሃይማኖት ረገድም ያልተጻፈው ሕግ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ዝምድና ነው። እናቷ ወይም አያቷ አባል የነበረች እጩ ቅድሚያ እንዲሰጣት የሚያደርግ ልማድ ለረጅም ዘመን ኖሯል። አያቲቱ በሃይማኖቷ ምክንያት ተከልክላ ከነበረ ግን፣ ልማዱ የሃይማኖትን ስም ሳያነሣ ክልከላውን ለልጅ ልጇ ያወርሳል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በርካታ ሶሮሪቲዎች ይህን ቅድሚያ ማስቀረታቸው ስለዚህ የሚመሰገን ነው። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ምልመላው በነሐሴ ወር፣ እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ጊዜ ይውላል። በመስከረም ሲሆን ደግሞ ከአይሁድ ታላላቅ በዓላት ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። የፈቀደ የለም፣ የከለከለም የለም፤ ነገር ግን የቀረበላትን ያልቀመሰች ልጅ «ከእኛ ጋር አትገጥምም» ልትባል ትችላለች። ሦስተኛው መልክ ነው። ሂጃብም፣ ኪጳም፣ ማዕተብም በጥቂት ደቂቃ ንግግር ውስጥ ከባለቤታቸው ቀድመው ይታያሉ።

እንግዲህ «ሃይማኖትን መሠረት ያደረገ ማኅበር ሁሉ አድልዎ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በሀገራችን ሁለት ዓይነት ስብስብ እናውቃለን። የጽዋ ማኅበር በቅዱሱ ስም ይጠራል፤ ጸበል ጻዲቁን የሚቀምሱት የሚያምኑበት ናቸው፤ ይህንንም ማንም ያውቀዋል። ዕድር ግን የጎረቤት ነው። በብዙ ከተሞቻችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ። ጽዋው «የእምነቴ ነኝ» ማለቱ እውነት ነው፤ ዕድሩ «የሁሉ ነኝ» ብሎ በስውር በሃይማኖት ቢለይ ግን ውሸት ይሆናል፤ ቀባሪ የሚያጣ ጎረቤትም ይኖራል። በአሜሪካም በግልጽ ለአንድ እምነት የቆሙ የተማሪ ማኅበራት አሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያውቃቸው ማኅበራት ሁሉ «ማንንም ተቀበሉ» ብሎ ማዘዝ ይችል እንደ ሆነ ክርክር ተነሥቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በክርስቲያን ሊጋል ሶሳይቲ ጉዳይ፣ ደንቡ በሁሉም ላይ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ይችላል ሲል በጠባብ የድምፅ ብልጫ ወስኗል። ሕጉ ያለበት ደረጃ ይህ ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ከሕግም የሚቀድመውን ነው። በሩ ለሁሉ ክፍት ነው የሚል ቤት፣ በውስጡም ክፍት ይሁን።

የተገፋም ሰው ገፊ ሊሆን እንደሚችል አንርሳ። ዜታ ቤታ ታው በመገፋት የተወለደ ቤት ነበር፤ ነገር ግን በ1954 የራሱን የሃይማኖት ገደብ አንሥቶ ለሌላውም በሩን ከፈተ። የተገፋበትን ሕግ በራሱ ቤት ላለማቆየት የወሰነ ማኅበር ለእኛም ትምህርት ነው። እኛስ? በየደብራችን የወጣቶች ስብስብ ውስጥ አማርኛ የማይናገረው ልጅ፣ እናቱ ከሌላ ሀገር የሆነችው ልጅ፣ ትናንት ከስደት የመጣው ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር ያገኛልን? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ጌጠኛውን ወደ ፊት፣ ድሀውን ወደ እግር መርገጫ የሚያስቀምጥ ጉባኤን ገሥጿል። ተግሣጹ ለውጭ ሰዎች የተጻፈ አይደለም። ኮሚሽናችን በ1972 ከተቋቋመ ጀምሮ ለተቸገረ ሲደርስ የተረጂውን ሃይማኖት መስፈርት አያደርግም። በእርዳታ መጋዘን የምናከብረውን በጉባኤ አዳራሻችን ልንሽረው አይገባም።

ለእናንተ ለልጆቻችን የምንለው ይህ ነው። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለትምህርት በተመረጡ ጊዜ ከንጉሡ ማዕድ አልበሉም፤ ነገር ግን አልተደበቁምም። የሚበሉትን አትክልት በግልጽ ጠየቁ፤ የፈተና ቀንም ወሰኑ። እናንተም ከጎበኛችሁት ቤት «እጾማለሁ» ለማለት አትፈሩ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር ቤት ካለ፣ አራት ዓመት ሳትኖሩበት በአንድ ቀን አውቃችሁታልና ተጠቅማችኋል። ጠይቁም፦ አባልን የምትመርጡበት መስፈርት የተጻፈ ነውን? ለአዲስ አባል መጠጥ ወይም ውርደት ግዴታ ነውን? በሃይማኖታችሁ ወይም በመልካችሁ ምክንያት የተነገረ ቃል ካለ ቀኑንና ቃሉን ጽፋችሁ ያዙ፤ ዩኒቨርሲቲዎች አድልዎን የሚመለከት ክፍል አላቸውና አመልክቱ። አባል ከሆናችሁም በዝግ ቤት ድምፅ በምትሰጡበት ሰዓት «ለምን አትገጥምም?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እናንተ ሁኑ።

ለወላጆችም፦ ልጃችሁን «ተዪው» ብቻ አትበሏት፤ «ደብቂው»ም አትበሏት። መጀመሪያ ስሟት።

የዚያች ልጅ ነገር ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከጎበኘቻቸው ቤቶች አንዱም አልጠራትም። በማዕተቧ ምክንያት እንዳይባል ማዕተቧን ፈትታ ነበር፤ በቀለሟ ይሁን፣ በስሟ ይሁን፣ ወይም በሌላ ተራ ምክንያት፣ ዛሬም አታውቅም። ይህ አለማወቅ ነው ያልተጻፈው ሕግ በልጆቻችን ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፤ ሰው ሁሉን ነገሩን እየተጠራጠረ ከራሱ ላይ አንድ በአንድ እንዲያወልቅ ያደርጋልና። እናቲቱ «የፈራችው ማንን ነው?» ብላን ነበር፤ የፈራችው ፊቱን የማያሳየውን ዳኛ ነው። ማዕተቧን ግን ፍልሰታ ሳይፈታ መልሳ አስራዋለች። ያሰረችውም በራሷ እጅ ነው።

ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፤ የእኛንም በር ለመጻተኛው ክፍት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።