ወንፈል ለእውቀትም



ፋንክሽናዊ የፕሮግራም አጻጻፍን የሚወዱ ሰዎች ያለ ክፍያ የሚገናኙበት ጉባኤ በውርጌሳ ሊኖር ይገባል ብል፣ «ኮምፒዩተሩስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ ከሙያው ታሪክ ይገኛል። አሎንዞ ቸርች የዚህን ስልት መሠረት፣ ላምዳ ካልኩለስን፣ የቀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ዛሬ የምናውቀው ኮምፒዩተር ከመሠራቱ አስቀድሞ ነው። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መንደፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1958 ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው ትምህርት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የስልቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ ሦስትን ተቀብሎ ዛሬ ስድስት ያለ ፋንክሽን ነገም ስድስት ይላል፤ አስቀድሞ የተመዘገበውንም አይፍቅም። ጠንቃቃ የእድር ጸሐፊ የአምናውን መዋጮ ሳይሰርዝ የዘንድሮውን በአዲስ መስመር እንደሚጽፍ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ተማሪው የመምህሩን ስሌት ደረጃ በደረጃ ተከትሎ ሊያርም ይችላል።

ነገር ግን ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ደቦ ከሆነ ድግሱ በአንድ ባለቤት ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ እርሱ ሲደክም ጉባኤውም ይበተናል። ወንፈል ከሆነ ግን ተራው ይዞራል፤ ዛሬ ያስተማረ ነገ ይማራል፤ ዛሬ ቤቱን የከፈተ ነገ እንግዳ ይሆናል።

ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የመኪና ዋጋ ያጣ ወጣት ከእውቀት ሊቀር አይገባም። አውራ ጎዳናው በደጁ እያለፈ እርሱ ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር፣ የመጀመሪያውን ተራ እኛ እንውሰድ።