ፏፏቴ ለማየት የወጣ ደኑንም ይመልከት

ስለ ባሌ ተራሮች ውሃና የእግር መንገድ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ፏፏቴ ለማየት ብዙ ሰው ይወጣል፤ ፏፏቴውን ከነምክንያቱ አይቶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። የሚበዛው ሰው ውሃው ከገደል ሲወርድ፥ ጢሱ ሲነሣ፥ ድምፁ ሲያስገመግም አይቶና ሰምቶ፥ ተደንቆ ይመለሳል። መደነቁ መልካም ነው። ዳሩ ግን ውሃው ከወዴት እንደ መጣ፥ በበጋም የሚነጥፍ ወይም የማይነጥፍ ስለ ምን እንደ ሆነ ያልጠየቀ ሰው፥ ፍሬውን አይቶ ዛፉን እንዳላየ ይቈጠራል። ስለዚህ ተማሪዎች ወደ ተራራ በወጡ ጊዜ ፏፏቴውንና ከበላዩ ያለውን ደን እንደ አንድ ነገር አድርገው ማየት ሊማሩ ይገባል። ለዚህም የባሌ ተራሮች መልካም ምሳሌ ናቸው።

የባሌ ተራሮች በኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛሉ። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን፥ በዙሪያው የተዘረጋው የሳነቴ ሜዳ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አገሩ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ስፋቱም 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

መንገደኛው ብዙ ጊዜ ጉዞውን የሚጀምረው ከዲንሾ ነው። በዚያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ሲግጥ፥ ከርከሮም መሬት ሲቈፍር ይታያል። ከዚያ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ዌብ ሸለቆ ሲዘልቅ ዛፉ እየሳሳ፥ ሣሩ እየበዛ ይሄዳል፤ ፍልፈል የሚያድነውን ቀይ ቀበሮም ሊያይ ይችላል። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ቍጥሩም በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሹ የሚበልጠውም የሚኖረው በባሌ ነው።

በዚሁ ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ የሚባለው ፏፏቴ ይወርዳል። በዚሁ ስም የሚጠራ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አንድ የዋሻ መጠለያም አለ። ሊቃውንት ስፍራውን ቈፍረው በ2011 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ ይኖሩ ነበር። ሰዎቹ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራም ባልጩት እያመጡ ስለት ይሠሩበት ነበር። በዚያ ዘመን የተራራው ራስ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። እንግዲህ ሰው የዚህን ተራራ ውሃ መጠጣት የጀመረው ትናንት አይደለም።

በሌላው ወገን፥ ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ ወደ ደሎ መና ሲወርድ የሐረና ደን ይቀበለዋል። በመጀመሪያ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ ይገኛል፤ ከዚያ ኮሶና ቀርከሃ ይከተላል፤ በታችኛውም ክፍል በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ የዱር ቡና አለ። በዚህ ቍልቍለት የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ከብርድ አገር ወደ ሙቀት አገር ይደርሳል፤ ከየሸንተረሩም የሚንፏፏውን የጅረት ድምፅ ይሰማል።

አሁን ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ዝናብ በደን ላይ ሲወርድ ጕልበቱ አስቀድሞ በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ ይሰበራል። ከዚያም የረገፈው ቅጠል እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል፤ ሥሩ በከፈተውም ቀዳዳ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። አስታውና በላዩ ያለው ሽበት ከጉም እንኳ ጠብታ ይለቅማሉ። በከፍተኛውም ሜዳ ላይ ያለው ረግረግ የክረምቱን ውሃ ይዞ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ደኑ በተመነጠረበት ቍልቍለት ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ያን ጊዜ ፏፏቴው በነሐሴ የደፈረሰ ጎርፍ፥ በየካቲት ደረቅ ገደል ይሆናል። ስለዚህ ደን የፏፏቴ ጎተራ ነው ቢባል እውነት ነው።

የጎተራውም ባለቤት በአጠገቡ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። የዌብ ወንዝ ከተራራው ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም በቆላው ተጉዞ ከገናሌ ይገናኛል፤ ገናሌም ከዳዋ ጋር ሆኖ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሊያ ይፈስሳል። በላይ አንድ ሰው ምሳር ሲያነሣ፥ ተራራውን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የቆላ ከብት አርቢ ዕዳውን ይከፍላል።

ጥፋትም ፈጥኖ እንደሚመጣ ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሣው እሳት ብዙ ሺህ ሄክታር በላ፤ ሊያጠፉትም ከውጭ አገር ሳይቀር ረዳቶች መጡ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጀ። ክብሪትና ያልተከተበ ውሻ ትንሽ ነገር ይመስላሉ፤ ያደረሱት ጕዳት ግን ትንሽ አይደለም።

ሆኖም መምህሩ በደኑ አጠገብ የሚኖረውን ሰው እንደ ጠላት አድርጎ ሊያስተምር አይገባውም። ጎዳንቱ በሚባለው የቈየ ልማድ ከብቱን እንደ ወራቱ የሚያዘዋውረው አርቢ፥ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ንብ አርቢና የዱር ቡና የሚለቅመው ገበሬ በደኑ ይኖራሉ። ዛፍ ከሌለ ቀፎ አይሰቀልም፤ ጥላ ከሌለም ያ ቡና አይጸናም። ልጁን የሚያበላበት ያጣ ሰው ግን «ደን ጠብቅ» ስለ ተባለ ብቻ አይጠብቅም። ስለዚህ ጎብኚ በመጣ ጊዜ መሪው፥ ባለፈረሱና ማር ሻጩ የአገሩ ሰው ሊሆን ይገባል፤ ከቆመው ዛፍ ጥቅም ያገኘ ሰው ዛፉን ለመጠበቅ ምክንያት አለውና።

ተማሪዎችን ይዞ የሚወጣ መምህር እነዚህን ነገሮች ያስተውል። ከክረምቱ ኃይል በኋላ፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ በዚያ ወራት ሌሊቱ እጅግ የሚበርድ ስለ ሆነ ልብስ ይያዝ። አገር የሚያውቅ መሪ ያስቀድም። ማንም ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ በአቋራጭ አይውረድ፤ ዛሬ በእግር የተበጀው አቋራጭ በሚመጣው ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናልና። ውሻ አይከተል፤ እሳት አይለኰስ፤ የተበላበት ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ይመለስ። በፏፏቴው አጠገብ ያለው እርጥብ ድንጋይ ያዳልጣል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ልጆች ከአፋፍ ይራቁ።

ባሌ ለሚርቅባቸው ተማሪ ቤቶችም ትምህርቱ አይቀርም። በየአገሩ ትንሽም ቢሆን ከድንጋይ የሚወርድ ጅረት አይጠፋም። መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ በነሐሴ ጎርፉ ጋብ ባለ ቀን፥ ሁለተኛ ጊዜ በየካቲት ወደዚያው ስፍራ ይውሰድ። የውሃውን ልክ ምልክት ባለው እንጨት ይለኩ፤ በብርጭቆ ቀድተው አፈሩ ምን ያህል እንደሚዘቅጥ ይመልከቱ፤ በላዩ ያለውንም ዛፍ ይቍጠሩ፤ ያዩትንም ከነቀኑ በተማሪ ቤቱ መዝገብ ይጻፉ።

ከመዝገቡ በፊት የነበረውን ዘመን ግን ከሽማግሎች በቀር የሚነግራቸው የለም። ውሃው በጎልማሳነታቸው እስከየትኛው ድንጋይ ይደርስ እንደ ነበር፥ ዳገቱም ምን ዓይነት ዛፍ ለብሶ እንደ ነበር የሚያስታውሱ እነርሱ ናቸው። ይህ ምስክርነት ሳይጻፍ ቢቀር፥ የሚመጣው ልጅ የደረቀውን ገደል አይቶ ከጥንት እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል፤ የጠፋበትን ያላወቀ ደግሞ አይፈልገውም። እንግዲህ ሽማግሌው ይናገር፥ ተማሪው ይጻፍ፥ መምህሩም መዝገቡን ይጠብቅ።