የአርቴፊሻል ጌጥ ዋጋ ከየት ይመነጫል? የትሪፋሪ ጉዳይ



በተለምዶ «አርቴፊሻል» የምንለው ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅም አልማዝም የለበትም። ታዲያ ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ የመስታወት ጌጥ ዛሬም ሰብሳቢ የሚሻው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄውን በአሜሪካዊው የትሪፋሪ ድርጅት ታሪክ እንመርምረው።

በ1930 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አልፍሬድ ፊሊፕ የድርጅቱ ንድፍ አውጪ ሆነ። ቀደም ሲል እንደ ቫን ክሊፍ ኤንድ አርፔልስ ላሉ ቤቶች የከበሩ ጌጦችን ይነድፍ ስለ ነበር፣ ያንኑ ጥንቃቄ ወደ መስታወትና ወደ ርካሽ ብረት አመጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ ድርጅቱ በብር መሥራት ጀመረ፤ እጥረቱ ራሱ «አርቴፊሻሉን» የከበረ ማዕድን አለበሰው ማለት ነው። በ1953 ሜሚ አይዘንሃወር በባለቤታቸው በዓለ ሢመት ምሽት የትሪፋሪን ሰው ሠራሽ ሉል አጠለቁ።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግን የ1955ቱ ሙግት ነው። ትሪፋሪ «ንድፌን ቀድቷል» ሲል ቻሬል የተባለውን ድርጅት ከሰሰ። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ለገበያ በገፍ የሚመረት ርካሽ ጌጥ የጥበብ ሥራ ሊባል ይችላልን? የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይችላል አለ፤ የቅጂ መብት ጥበቃም ይገባዋል ሲል ወሰነ።

ከዚያ ወዲህ በጌጡ ጀርባ የተቀረጸው የቅጂ መብት ምልክት ዕድሜን ለመለየት ይረዳል። ስለዚህም ልምድ ያለው ሰብሳቢ ጌጡን እንዳነሣ ገልብጦ ጀርባውን ያያል።