አንጀትንና ጨጓራን የሚሰፋ መሣሪያና የፓተንቱ ታሪክ



አንጀት የሚቆርጥ ሐኪም ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው የስፌት መላላትን ነው። ስፌቱ ከላላ የአንጀቱ ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ሕመምተኛውም በመመረዝ ሊሞት ይችላል። ዛሬ የማወሳላችሁ ይህን ስጋት ለመቀነስ የተደረገውን የዘመናት ልፋት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1908 በቡዳፔስት ዶክተር ሁሜር ሁልትል፣ ቪክቶር ፊሸር በሠሩላቸው መሣሪያ ጨጓራን በቀጭን የብረት ሽቦ ሰፉ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለመገጣጠም ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በ1921 ሌላው ሃንጋሪያዊ ዶክተር አላዳር ፔትዝ ቀለል ያለውን አቀረቡ። በኋላም የሶቪየት መሐንዲሶች ሥራውን ገፉበት። በ1958 አሜሪካዊው ዶክተር ማርክ ራቪች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው መሣሪያውን በሥራ ላይ አዩ፤ አንዱንም ገዝተው ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ።

በመጋቢት 1970 ዴቪድ ግሪን ለዩናይትድ ስቴትስ ሰርጂካል ኩባንያ የሠሩት መሣሪያ ቁጥሩ 3,499,591 የሆነ ፓተንት አገኘ። መሣሪያው ሁለት ክንድ አለው። ሐኪሙ መግፊያውን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ጫፋቸው ሰያፍ የሆነ ዘንጎች የስፌት ሽቦዎቹን በየተራ ገፍተው ያስወጧቸዋል። በግራ ሁለት ረድፍ፣ በቀኝም ሁለት ረድፍ ይሰፋል፤ ምላጭ በመካከላቸው እየተከተለ ይቆርጣል። የታጠፈው ሽቦ የላቲኑን “ቢ” ፊደል ይመስላል። በቅርጹ ክፍተት ደም ስለሚያልፍ የተሰፋው ጠርዝ አይሞትም።

ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የወጡ በርካታ ፓተንቶች ይህንን የግሪንን የፓተንት ሰነድ ይጠቅሱታል። አዲስ ፈጠራ የሚያስመዘግብ ሰው ከእርሱ በፊት ምን እንደነበረ ማሳየትና የራሱን ጭማሪ ለይቶ ማስረዳት አለበትና። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ፓተንቱ ጸንቶ የሚቆየው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ ለ17 ዓመት ነበር። ባለመብቱ በምላሹ የፈጠራውን አሠራር በሥዕልና በጽሑፍ ለሕዝብ ይገልጣል። መብቱ ያልቃል፤ ዕውቀቱ ግን ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ እናንተ ወጣት ሐኪሞችና መሐንዲሶች፣ እነዚህን ሰነዶች ሥዕሎቻቸውን እያገላበጣችሁ አንብቡ። የቀደሙት የት እንደደረሱ ያወቀ ሰው ድካሙን ገና ባልተፈታው ችግር ላይ ያውላል።