በረሃውና ባለታሪኳ



በብዙ አገር አንባቢ ዘንድ ከሚወደዱት የድርሰት ዓይነቶች አንዱ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ከዚህም መካከል በአንድ ሩቅ በረሃ ተነሥታ ፈቃዷን ለማንም የማትሰጥ ሴት የምትገኝበት ታሪክ ገበያው ሞቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ድርሰት ለዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ወጣት አንባቢ ስለ ፍቅር፣ ስለ ክብርና ስለ ሴት ልጅ ፈቃድ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነውና።

በአውሮፓ ድርሰት በረሃ እንግዳ ምድር ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» ውስጥ የሐበሻው ልዑል ከእኅቱ ከነቃያ ጋር ዓለምን ለማየት ይወጣል። የልዕልቲቱ ባልንጀራ ጰቁዓ በግብጽ በዐረብ ሽፍቶች ተማርካ በ200 ወቄት ወርቅ ትዋጃለች። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሱት ታሪኩ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጰቁዓ በምርኮ ሳለች አታለቅስም ባይባልም፣ ልቧን ግን ለማራኪዋ አላስገዛችም፤ ይልቁንም ከእርሱ የከዋክብትን ነገር ተምራ ተመለሰች። ከ160 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ኢ. ኤም. ሀል የተባለችው እንግሊዛዊት ባወጣችው «ዘ ሼክ» በተባለው ልብ ወለድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኩሩዋ ባለታሪክ በበረሃ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በመጨረሻ ጠላፊዋን ወደደችው። መጽሐፉ ተቸበቸበ፤ በሁለተኛው ዓመትም ፊልም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ የበረሃ ፍቅር ታሪኮች የተቀዱት ከዚሁ ምንጭ ነው።

ይህን ወደ አገራችን አምጥቶ መመዘን ያስፈልጋል። ጠለፋ በብዙው የኢትዮጵያ ገጠር የልብ ወለድ ጌጥ ሳይሆን ደጃፍ የሚያንኳኳ መከራ ሆኖ ቆይቷል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከቅጣት እንዲድን መንገድ ከፍቶለት ነበር። ይህ መንገድ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ የተጠለፈችውን ልጅ በመጨረሻው ምዕራፍ ደስተኛ ሚስት አድርጎ የሚዘጋ ደራሲ፣ ሕጉ ከተወው በኋላ የጠላፊውን ጠበቃነት እርሱ መያዙን ልብ ሊል ይገባል።

ለአማርኛ ደራሲ ግን ሌላ መንገድ ከጥንት ተጠርጓል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ባለታሪኳ ሴት ናት። ጦቢያ የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ዋሂድን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ታቋርጣለች። በመጨረሻም ጋብቻው የሚፈጸመው ንጉሡ ወደ እርሷ ሃይማኖት ከመጣ በኋላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የባላባት ልጅ የሆነችውን ሰብለ ወንጌልን ከአባቷ ቤት አውጥቶ ፍቅሯን ፍለጋ ይሰዳታል። ሁለቱም ሴቶች በረሃውን የሚያቋርጡት ተጎትተው ሳይሆን ወስነው ነው።

በረሃ የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ሌላ ትርጉም አለው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በረሃ ሲል ከቤቱ ራስጌ ቆሞ ቁልቁል የሚያየውን ቆላ ማለቱ ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ብርድ ለብሶ ሲቆም፣ ስማዳ በአንድ ወገን ወደ በሽሎ፣ በሌላው ወገን ወደ ዓባይ ወርዶ ከ1,500 ሜትር በታች ንዳድ ይነድበታል። ደጋውና በረሃው በእግር መንገድ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው። በረሃ መውረድ ማለትም መሸፈት ማለት ነው። ወንዱ ወርዶ ሲሸፍት በሶውን የምታልክ፣ ለአሳዳጅ መልስ የምትሰጥ፣ ርስቱን የምትጠብቅ ሴት ከላይ ትቀራለች። የውጭው ደራሲ ጀግንነትን ከአሸዋው መካከል ሲፈልግ፣ የዚህ አገሩ ደራሲ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያገኘዋል።

የፈቃዷም መሠረት በአየር ላይ አልተሰቀለም። በበጌምድር የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል የርስት ድርሻ ነበራት። በሰማንያ ውል የተጋባች ሚስት ስትፈታ ከንብረቱ ድርሻዋን ትጠይቅ፣ ዳኛ ፊትም ቆማ ትሟገት ነበር። በተግባር ወንድሟ ወይም የባሏ ዘመድ ሊገፋት ይችል እንደነበር አይካድም፤ የታሪኩ ጭብጥም የሚወለደው ከዚሁ መብትና ግፊያ መካከል ነው። ይህ የርስት ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ።

ታሪኩ ከባለርስቲቱ ቤት አልፎ እስከ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። እቴጌ መነን ጦር አስከትተው ዘምተው በ1839 ዓ.ም. በቋራው ካሳ ተማረኩ። የልጅ ልጃቸው ተዋበች ዓሊ፣ የካሳ ሚስት፣ ከአባቷ ከራስ ዓሊ ይልቅ ለባሏ ቆማ በ1850 ዓ.ም. አረፈች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው 70 ኩንታል የሚያህለውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ከሰፈሩ ጋር የሚጓዙት ሴቶች ብዙ ነበሩ። ብርሃኑ ዘርይሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ንጉሡን ሕያው አድርገው ጽፈዋል። ያን መንገድ ግን ከወፍጮዋና ከእንስራዋ ጋር በእግሯ የሄደችው የጋይንት ሴት ገና የራሷን ልብ ወለድ ትጠብቃለች።

ይህን ለመጻፍ ድፍረት ብቻ አይበቃም። ደራሲው በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያሉ አሮጊቶችን ቀርቦ መስማት፣ የርስት ሙግት እንዴት ይነገር እንደነበር መጠየቅ፣ የሰፈሩንና የቆላውን ኑሮ በየስሙ ማወቅ አለበት። ርስት ሲሟገቱ ያዩ ዛሬ አርጅተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ስለ ሙግቱ የሚሰሙት እያነሰ ሄዷል። መጻሕፍት የሚመርጥ መምህርም፣ የሚያሳትም አርታኢም፣ የሚተረጉም ባለሙያም ከውጭ የመጣውን የበረሃ ፍቅር ከማቅረቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ባለታሪኳ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ፈቃዷ ከማን እጅ ነው? ከእርሷ እጅ ከሆነ መጽሐፉ ይነበብ። ከጠላፊዋ እጅ ከሆነ ግን ታሪኩ የፍቅር ተብሎ እንዳይጠራ ማድረግ የዚህ ማኅበር አባላት የሙያ ግዴታ ነው።