መጽሐፍ ከቁም ሣጥን ሲወጣ



አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በቁም ሣጥን ተቆልፎ፤ ቁልፉም ከአንድ ሰው ኪስ የማይወጣ ከሆነ፤ ወራሹ ማን ሊሆን ነው? የዛሬው ንግግሬ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል መሣሪያ ስለ መጠቀማቸው ነው።

ይህ ነገር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። እስቲ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። አለቃው ስለ አንድ ወረዳ የመጠጥ ውሃ ጥናት አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ያዝዘዋል። ስለዚያው ወረዳ ውሃ ግን አንድ ተማሪ በመንግሥት ወጪ ሁለት ዓመት ደክሞ ጽፏል፤ ጽሑፉም ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሠራተኛው መኖሩን ስለማያውቅ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሕዝቡም ውሃውን እየጠበቀ ይኖራል። እንግዲህ ጉዳቱ ከዚህ ላይ ነው።

መድኀኒቱ ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በኒውዚላንድ ሥራ የጀመረ ሲሆን፤ ዲስፔስ የተባለው የጽሑፍ ማኅደር ደግሞ በ2002 ከአሜሪካ ወጥቷል። ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ስለ ገባ፤ የአማርኛ መጽሐፍ በገዛ ፊደሉ ተመዝግቦ ሊፈለግ ይችላል።

ምሳሌም አላጣንም። በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፤ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን የማስትሬትና የዶክትሬት ጽሑፎች በኢንተርኔት ማኅደር እያኖረ ለአንባቢ አቅርቧል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ሥራ አይደለም። መጽሐፍ ማንሻው ስካነር በርክክብ ቀን ይጨበጨብለታል፤ ከዚያ በኋላ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። አንድ ዕቃው ሲሰበር መለወጫ በጀት የለም፤ የሠለጠነው ሰው ሲለቅ ተተኪ አልተዘጋጀም፤ መብራት ሲጠፋም ሁሉ ነገር ይቆማል። ጽሑፉ የተከማቸው በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከሆነማ፤ ያ ኮምፒዩተር የተበላሸ ዕለት የብዙ ዓመት ድካም አብሮ ይጠፋል። ወረቀት እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ስለዚህ በጀት የምትመድቡና የግዢ ወረቀት የምትፈርሙ ሁሉ፤ ከመሣሪያው ዋጋ አጠገብ የጥገናውንና የሥልጠናውን ወጪ ሳትጽፉ አትፈርሙ። ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ስፍራ መቀመጡን ጠይቁ። ጥናት የምታሠሩም ብትሆኑ አንዱን ቅጂ ለማኅደር ስጡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፤ አዲስ ጥናት ይደረግ ብላችሁ ከማዘዛችሁ አስቀድሞ፤ የተደረገ እንዳለ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ላኩ። ምናልባት የምትፈልጉት መልስ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እዚያ ሆኖ ይጠብቃችሁ ይሆናል።