ስፌቶቻችን በፍለጋ እንዲገኙ



ቀፊራ ገበያ ወጥተን መሶባችንን በጨርቅ ሸፍነን ብንቀመጥ ማን ይገዛናል? በድረ ገጻችን ያደረግነው ግን ይህንኑ ነው። ፎቶዎቹን ስልኩ በሰጣቸው የቁጥር ስም እንዳሉ ጫንናቸው፤ መግለጫም አልጻፍንባቸው።

ጉግል ምስሉን ራሱን ቢመረምርም፣ ምንነቱን ለመረዳት አጠገቡ ያለውን ጽሑፍና የምስሉን መግለጫ፣ በጥቂቱም የፋይሉን ስም ይጠቀማል። ስለዚህ «ክዳን ያለው መሶብ፣ በስንደዶና በአክርማ በእጅ የተሰፋ፣ ድሬዳዋ» ብለን እንጽፋለን። ውጭ አገር ላለ ገዢ በእንግሊዝኛም፣ ለጅቡቲ ጎረቤቶቻችን በፈረንሳይኛም የየራሱ ገጽ ይኑር። «መሶብ መሶብ መሶብ» እያሉ መደርደር ግን አይጠቅምም፤ ጉግል እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል። ደግሞም መግለጫውን ማየት ለተሳናቸው ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ለእኛ ይህ ብቻውን በበቃ ነበር።

ክብደቱም አለ። አምስት ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ገጹን ያዘገያል፣ የገዢንም ካርድ ይበላል። መጠኑን አሳንሰን፣ ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዌብፒ በተባለው ዓይነት እናስቀምጠዋለን።

ስሙን ማን ይጻፈው? ኮምፒውተር የምትችለዋ ልጃችን ብቻዋን አትችልም፤ የጥለቱን ስም የምታውቀው የሰፋችው ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ።